ስለ ቁስለኛ ምርኮኛና ስለ ፎቶግራፍ

በጦርነት ቆስሎ የተማረከውን ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሕዝብ ማሳየት ይገባልን?

ካም የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ለወንድሞቹ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው ሸፈኑት። በንጉሡ በአካዝ ዘመንም የኤፍሬም አለቆች የተማረኩትን የይሁዳ ሰዎች አልብሰው፣ አብልተው፣ ዘይት ቀብተው፣ ደካሞቹን በአህያ ጭነው እስከ ኢያሪኮ አደረሷቸው። ነሐሴ 6 ቀን 1941 ዓ.ም. የተፈረመው ሦስተኛው የጄኔቭ ስምምነትም በ13ኛው አንቀጹ ምርኮኛ እንዳይሰደብና የሕዝብ መመልከቻ እንዳይሆን ይከለክላል።

«ፎቶግራፍ ባይኖር ግፍ ተሰውሮ ይቀራል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ1996 ዓ.ም. በኢራቅ፣ በአቡ ግሬብ ወህኒ ቤት የተፈጸመው ግፍ ለዓለም ጎልቶ የታየው ጠባቂዎቹ ራሳቸው ባነሡት ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ያው ፎቶግራፍ በአንሺዎቹ እጅ መዘባበቻ፣ በዳኞች ፊት ምስክር ሆነ። እንግዲህ ምስክርነቱ ለፈራጅ ይቅረብ፤ የተበደለው ሰው ፊት ግን ከአደባባይ ይሰወር።

ቁስለኛው ራሱን መሸፈን አይችልም፤ ሊሸፍነው የሚገባው የሚያየው ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በእጅ ስልካችን ቢደርሰን፣ «ጠላታችን ነው» ብለን ለሌላ አናስተላልፍ፤ ይህን ብናደርግ የካም ተካፋዮች እንሆናለንና።

ልዑል እግዚአብሔር ዓይናችንን ከክፉ ይጠብቅልን፤ አሜን።