የተሸጡት ቧንቧዎች

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። አባባሉ የተነገረው ወንዝ ለሚሻገር መንገደኛ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ እያለ ሳይታወቀው ለሚወሰድ ሰው። ውሃው ግን ተራራ ላይ የተከተረ የሌላ ሰው መዝናኛ ሲሆንስ? ያን ጊዜ የሚስቀው አንዱ፣ የሚወሰደው ሌላው ይሆናል። ጥያቄው የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ሰው ለደስታው ብሎ ያቆመው ነገር ከታች የሚኖሩትን የሚያሰጋ ከሆነ ግዴታው እስከ ምን ድረስ ነው? ክፉ ሳያስብ፣ በገዛ እጁም ማንንም ሳይነካ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላልን?

በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ከጆንስታውን ከተማ ሽቅብ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ቁመቱ 22 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ280 ሜትር በላይ ነው። ያሠራው የግዛቱ መንግሥት ሲሆን ዓላማውም ለጀልባ ቦይ ውሃ ማጠራቀም ነበር። ግንባታው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሲያልቅ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባቡር ቦዩን ከጥቅም ውጭ አደረገው። ግድቡ ወደ ባቡር ኩባንያ ተሸጋገረ፤ በ1862 በከፊል ተደረመሰ፤ ቀጥሎም በአንድ የቀድሞ የምክር ቤት አባል እጅ ገባ። ይህ ሰው ከግድቡ ሥር ውሃ ለመልቀቅ የተቀበሩትን አምስት የብረት ቧንቧዎች አስወጥቶ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጣቸው።

በ1879 ቤንጃሚን ረፍ የተባለ ነጋዴ ቦታውን ገዛና የሳውዝ ፎርክ የዓሣ ማጥመጃና የአደን ክበብን መሠረተ። ከአባላቱ መካከል አንድሪው ካርኔጊ፣ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክና አንድሪው ሜሎን ይገኙበታል። የተደረመሰው ክፍል በአፈር፣ በጭራሮ፣ በድርቆሽና በፍግ ተሞላ። ሁለት ሠረገላ ጎን ለጎን እንዲያልፍ የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ። ዓሣ እንዳያመልጥ በትርፍ ውሃ ማስተንፈሻው ላይ የብረት ወንፊት ተገጠመ። ቧንቧዎቹ ግን አልተተኩም።

እያንዳንዱን ድርጊት ለብቻው ለሚያይ ሰው ወንጀል የሚባል ነገር የለም። ሥራ የፈታ ብረት መሸጥ፣ መንገድ ማስፋት፣ ዓሣን ማገድ የዘወትር ሥራ ነው። ማንም «ሕዝብ እንፍጅ» ብሎ አልተነሳም። አደጋው የተደራረበው ሁሉም የየድርሻውን ትንሽ ነገር ሲያደርግ፣ ድምሩን የሚያይ ግን ሲጠፋ ነው።

ድምሩን ያየ ሰው ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይቻልም። በጆንስታውን የነበረው የካምብሪያ ብረት ኩባንያ ኃላፊ ዳንኤል ሞሬል በ1880 ጆን ፉልተን የተባለ መሐንዲስ ልኮ ግድቡን አስመረመረ። መሐንዲሱ ሁለት ትልልቅ ጉድለቶችን አገኘ፤ ውሃውን አጉድሎ ለመጠገን የሚያስችል ማስወጫ የለም፤ የተጠገነውም ክፍል ያፈስሳል። ረፍ ምርመራውን አጣጥሎ ከተማይቱን የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ መለሰ። ሞሬል ከጥገናው ወጪ እንዲጋራ ያቀረበው ሐሳብም ሰሚ አላገኘም።

ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ካደረ በኋላ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ግድቡ አናት ደረሰ። የክበቡ ፕሬዚዳንት ኢላያስ አንገር ሠራተኞች አሰልፎ ሁለተኛ ማስተንፈሻ ለማስቆፈር ሞከረ፤ ወንፊቱ ግን በጉቶና በቅጠል ተደፍኖ ነበር። ወደ ታች ማስጠንቀቂያ ተላከ። ከተማው ግን «ግድቡ ሊፈርስ ነው» የሚል ወሬ በየክረምቱ ሲሰማ ስለኖረ፣ በከንቱ «ጅብ መጣ» እያለ እንደሚጮኸው እረኛ ተረት ሆነበት። ግድቡ ከሰዓት በኋላ ተደረመሰ፤ ውሃው አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጆንስታውን ደረሰ። 2,209 ሰዎች ሞቱ።

ክበቡ ላይ የቀረቡት ክሶች ሁሉ ከሽፈዋል፤ ፍርድ ቤቶቹ ጥፋቱን ከሰው አቅም በላይ የሆነ የእግዚአብሔር ሥራ አድርገው አዩት። ዝናቡ በርግጥ የእግዚአብሔር ነው። ቧንቧዎቹን የሸጠው ግን ሰው ነው፤ ሳይተካ የቀረውም ሰው ነው።

በ1891 የታተመ የመሐንዲሶች ሪፖርት፣ አናቱ ዝቅ ባይልም ኖሮ ግድቡ ያንን ጎርፍ አይችለውም ነበር ብሎ ደመደመ። በ2016 የታተመ ጥናት በበኩሉ የአናቱ መውረድ ግድቡ ትርፍ ውሃን የማሳለፍ አቅሙን በእጅጉ ቀንሶት ነበር ሲል ይህን መደምደሚያ ተቃወመ። የመሐንዲሶቹ ክርክር የመፍረሱን መንስኤ ይመለከታል። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣ ነው። ሰክሮ የሚነዳ ሰው ማንንም ሳይገጭ ቤቱ ቢገባ እንኳ የሌሎችን ሕይወት ቁማር አስይዟል። የክበቡም ጥፋት የጀመረው ግድቡ በፈረሰበት ቀን ሳይሆን፣ የምርመራው ደብዳቤ መጥቶ «አናይም» በተባለበት ቀን ነው።

ሕግ ይህን እውነት የደረሰበት ቀስ በቀስ ነው። ኦሪት ዘጸአት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የባልንጀራው በሬ ወይም አህያ ቢገባበት እንዲከፍል ታዟል። ሕጉ ቆፋሪው አህያዋን ይጠላት እንደሆነ አይጠይቅም። በ1868 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ራይላንድስና ፍሌቸር በተባለው ክርክር፣ ለወፍጮው ውሃ ያጠራቀመ ሰው በራሱ ቸልተኛ ባይሆንም ውሃው አምልጦ የጎረቤቱን የከሰል ማዕድን ስላጥለቀለቀ ኃላፊ ነው ብሎ ወሰነ። ከጆንስታውን በኋላ በነበሩት ዓመታት በርካታ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ወደዚህ ሐሳብ አዘነበሉ። በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2069፣ የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ላልተለመደ አደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ተገቢ ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው የአቅም ነው። ዛሬ በአሜሪካ ከተመዘገቡት ከ90,000 በላይ ግድቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የግል ናቸው፤ ብዙዎቹም ለመዝናኛ የተሠሩ ትንንሽ የአፈር ግድቦች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ካርኔጊዎች አይደሉም። ሐይቁን ከአያቶቻቸው የወረሱ ቤተሰቦች፣ በወር መዋጮ የሚተዳደሩ የመንደር ማኅበሮች ናቸው። ለማያውቁት ጥፋት፣ በሌላቸው ገንዘብ ሊጠየቁ ነውን?

ሁለተኛው የቅድሚያ ነው። ግድቡ ሲሠራ ከሥሩ የግጦሽ መሬት ብቻ ነበር፤ ቤቶቹ የመጡት በኋላ ነው። በአሜሪካ አሠራር አንድ ግድብ «ከፍተኛ አደጋ» የሚል ምድብ የሚሰጠው ስለተሰነጠቀ ሳይሆን ቢፈርስ ሰው ስለሚገድል ነው። ስለዚህ ግንቡ ቅንጣት ሳይለወጥ ምድቡ ሊለወጥ ይችላል። ታዲያ ዘግይቶ የመጣው ጎረቤት ለባለግድቡ ዕዳ ሊያመጣበት ይገባልን?

ለሁለተኛው መልሱ እውቀት ነው። ከታች ቤት የገዛ ሰው በወጥ ቤቱ መስኮት ግድቡን አያየውም። ባለቤቱ ግን ያያል፤ በግድቡ ላይ የበቀለውን ዛፍ፣ አይጥ የቆፈረውን ጉድጓድ፣ ከሥሩ የሚወጣውን ድፍርስ ውሃ ያያል። ቤት እንዲሠራ የፈቀደው ማዘጋጃ ቤትም ተጠያቂ ነው። ይሁን እንጂ ወቀሳ ለብዙዎች ቢከፋፈልም ግዴታ በመከፋፈሉ አያንስም።

ለመጀመሪያው መልስ የሚሰጡት የተሸጡት ቧንቧዎች ናቸው። ግድብ ለመጠገን ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የውሃውን መጠን ዝቅ አድርጎ ለመያዝ ግን፣ ማስወጫው ደህና ከሆነ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ወጪ ደስታን መቀነስ ነው። ጀልባው ይቆማል፤ ዳርቻው ጭቃ ይሆናል፤ ከታች ያሉት ግን ተኝተው ያድራሉ። ድሃ ባለቤት እንደ ሀብታሙ እንዲገነባ አይጠየቅም። መጠበቅ ያልቻለውን ውሃ ሞልቶ እንዳይዝ ግን ይጠየቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። የሳውዝ ፎርክ ትልቁ ጥፋትም ይህንን በር መዝጋቱ ነበር። ያ ሐይቅ መሙላት እንጂ መጉደል አይችልም ነበርና። የባለቤትነት የመጀመሪያ ግዴታ ይዞ መቆየት አይደለም፤ መልቀቅ መቻል ነው።

ዛሬ በሳውዝ ፎርክ ሐይቅ የለም፤ ከግድቡ የተረፉት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ግራና ቀኝ ቆመዋል። በጆንስታውን መካነ መቃብር ደግሞ ማንነታቸው ላልታወቀ ሰዎች የቆሙ 777 ነጭ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ስም የለባቸውም። የቧንቧዎቹ ዋጋ ግን በዚያን ጊዜ በኪሎ ታውቆ ነበር።