የሰሊሆም ግንብና የሳፈር መርከብ



ከባሕር የጥፋት ወሬ በተሰማ ቁጥር ከየቁምስናው የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይህን ለምን አመጣ?» ቋንቋችን ራሱ ታላቁን አደጋ «መዓት» እያለ ከቁጣ ጋር ስለሚያስተሳስረው ጥያቄው አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 በሱማትራ አጠገብ ከባሕር በታች ምድር ተናውጣ የተነሣው ማዕበል ወደ 230,000 የሚጠጉ ሰዎችን ፈጀ፤ ውቅያኖሱን አቋርጦም በጎረቤታችን በሶማሊያ የሐፉንን የዓሣ አጥማጆች መንደር መታ። ዕለቱ እሑድ፣ በላቲን ሥርዓት የልደት ማግሥት ነበረ። ሙታኑ ሳይቀበሩ «የኃጢአታቸው ዋጋ ነው» ለማለት የቸኮለ አልታጣም።

ጌታችን ግን ይህን በር አስቀድሞ ዘግቶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች የከፉ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፣ በሕይወት ያሉትን አድማጮቹን ወደ ንስሐ ጠራ (ሉቃ. 13)። ስለዚህ ሙታንን ከመክሰስ ተከለከልን፤ እኛ ግን ከመጠየቅ አልዳንንም። ግንብ የሰው እጅ ሥራ መሆኑንም ልብ እንበል። መሰንጠቁን እያየ ያለፈ ሰው ይኑር አይኑር ወንጌላዊው አልነገረንም።

የምድርን መናወጥ ያዘዘ ሰው የለም። ይሁንና በዚያን ጊዜ የሕንድ ውቅያኖስ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረውም፤ የተዘረጋው ከእልቂቱ በኋላ ነው። ማዕበሉ የሰው ሥራ አልነበረም፤ ማስጠንቀቂያው አለመኖሩ ግን የሰው ጉድለት ነበረ።

መሰንጠቁ እየታየ ስለ ታለፈ ነገር ከተነሣ ደግሞ፣ ከደጃችን ከቀይ ባሕር የቀረበ ምሳሌ አናገኝም። «ሳፈር» የምትባለው እ.ኤ.አ. በ1976 የተሠራች የነዳጅ መርከብ ከ1988 ጀምሮ በየመን ራስ ዒሳ ፊት ለፊት እንደ ተንሳፋፊ ጎተራ ታስራ ቆመች። በ2015 ጦርነቱ ሲፋፋም ጥገናዋ ተቋረጠ። በሆዷ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ነበረ፤ ይህም በ1989 በስቅለት ዓርብ ሌሊት በአላስካ ከ«ኤክሶን ቫልዴዝ» ከፈሰሰው አራት እጥፍ ያህል ነው። የአላስካው ዘይት ከዐሥርተ ዓመታት በኋላም ከባሕሩ ዳር ጠጠር ሥር እየተቆፈረ ሲገኝ ኖሯል። በግንቦት 2020 የባሕር ውኃ ወደ ሳፈር የሞተር ክፍል ገባ፤ ጠላቂዎች ለጊዜው ደፈኑት። ከነዳጁ በላይ የሚጠራቀመውን ተቀጣጣይ ጋዝ የሚከላከለው መሣሪያ መሥራት ስላቆመ አንዲት ብልጭታ ትበቃ ነበር።

ይህ ሁሉ በስውር አልነበረም። ባለሙያዎች ተናገሩ፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ ተዋጊዎቹ ወገኖች ግን ስለ ነዳጁ ዋጋ እየተከራከሩ ዓመታት አለፉ። ዘይቱ ቢፈስ ማጽጃው ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ፣ 200,000 ያህል ሰዎች የዓሣ ማስገር መተዳደሪያቸውን እንደሚያጡ፣ ለየመን ረኀብተኞች እህል የሚገባበት የሆዴይዳ ወደብ እንደሚዘጋ ተተንብዮ ነበር። ለማዳኑ የታቀደው ወጪ 143 ሚሊዮን ዶላር ነበረ። እርሱም ከመንግሥታትና ከኩባንያዎች ብቻ አልሞላም፤ በአሜሪካ በሜሪላንድ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ አዋጡ። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ሌላ መርከብ ገዝቶ፣ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 11 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ነዳጁ ተገለበጠ። ያልደረሰ ጥፋት ዜና አይሆንምና ብዙዎቻችን አልሰማንም።

በቅዳሴ መጀመሪያ ኃጢአታችንን ስንናዘዝ በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ ከበደልነው ጋር ማድረግ ሲገባን የተውነውንም እንቆጥራለን። ከንፈራችን ፈጥኖ የሚያልፈው ይህን የመጨረሻውን ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በ2015 በጻፉት «ውዳሴ ላንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክት የፓትርያርክ በርተሎሜዎስን ትምህርት ተቀብለው የምድርን ውኃ መበከል ኃጢአት መሆኑን ጽፈዋል። ለቆመች መርከብ ግን ማን ይናዘዛል? ማንም ዘይት አላፈሰሰም፤ ሁሉም ጠብቆ ነበር።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ባሕሩ ምን አገባን?» የሚለን ይኖራል። ወደ አገራችን ከሚገባው ሸቀጥ አብዛኛው በዚያው ባሕር አልፎ በጅቡቲ በኩል ይመጣል። ልጆቻችንም ሥራ ፍለጋ በደካማ ጀልባ ተጭነው የሚሻገሩት ወደዚያው ወደ የመን ዳርቻ ነው፤ ስንቶቹ በመንገድ እንደ ቀሩ በየቁምስናችን ያሉ እናቶች ያውቁታል።

የሳፈር ነዳጅ ከተገለበጠ ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.)፣ 21,000 ቶን ማዳበሪያ የጫነችው «ሩቢማር» የሁቲዎች ሚሳይል መትቷት በዚያው በቀይ ባሕር ሰጠመች። አስተማሪዎች ሆይ፣ የሰሊሆምን ግንብ ስታስተምሩ እነዚህን ሁለት መርከቦች ለልጆቹ ንገሯቸው፤ በሰፈራቸው ተሰንጥቆ ሁሉም እያየው የሚያልፈው ነገር ምን እንደሆነም ጠይቋቸው። በዚህ ሩብ ዓመት በምእመናን ጸሎት ላይ የሆዴይዳን ዓሣ አጥማጆችና በዚያ ባሕር የሚሻገሩትን ልጆቻችንን በአንድ ልመና እናስባቸው።