የዱር እንስሳን ማከም የሰው ግዴታ ነውን?

የታመመ ዓሣ ክንፉን ከአካሉ አጣብቆ በውሃው ገጽ ላይ አፉን ሲከፋፍት፣ ውሃውን የማጥራትና እርሱን የማከም ግዴታ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ባኖረው ሰው ላይ እንደሚወድቅ ማንም አይክድም፤ ጥያቄው የሚከብደው ስለ ዱር እንስሳ ሲሆን ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በዌብ ሸለቆ፣ በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ የተቀሰቀሰው የእብድ ውሻ በሽታ፣ ማለትም በንክሻ የሚተላለፍና ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የማይገኝለት የአንጎል ሕመም፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ስለፈጀው፣ በ1996 ዓ.ም. ጤነኞቹ እየተያዙ ተከተቡ። «ተፈጥሮ ራሷ ትፍረድ» የሚለው ሙግት እዚህ አይጸናም፤ በሽታው የተሻገረው ከሰው ውሾች ነውና። እንስሳ የፈጣሪ አደራ መሆኑን እስልምናም ክርስትናም ያስተምራሉ፤ እንግዲህ ከባሌዎቹ ከተሞች ከሮቤና ከጎባ በላይ ያለው የደጋ አርቢ ሁሉ ውሻውን ያስከትብ።