ወጣት፣ እኩያና ይሉኝታ

የዕድገት ሥነ ልቦና የሰው አእምሮና ጠባይ ከሕፃንነት እስከ እርጅና እንዴት እንደሚለወጥ ሲመረምር፣ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ደግሞ የሌሎች ሰዎች መኖር የአንድን ሰው ሐሳብና ተግባር ወዴት እንደሚያዘነብል ያጠናል። ሁለቱ ዘርፎች በጉርምስና ዘመን ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ በቀሐና በአንገረብ ወንዞች መካከል በምትገኘው ጎንደር የሚያድግ ወጣት አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህንን መገናኛ ነው።

ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ፣ አምስተኛውን፣ ማለትም የጉርምስናውን፣ የማንነት ፍለጋ ዘመን ብሎታል። ማንነት ሲልም አንድ ሰው በተለያየ ቦታና ከተለያየ ሰው ጋር ሲውል ያው ራሱ ሆኖ መዝለቁን የሚያውቅበት ስሜት ማለቱ ነው። ይህ ስሜት ገና ያልጸና ወጣት ከወላጆቹ ይልቅ ወደ እኩዮቹ ቢያደላ የዕድገት ወግ እንጂ አመፅ አይደለም፤ ወላጆች ይህን ቢረዱ በየቤቱ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

የእኩያ ኃይል በጥር 11 ቀን ጠዋት በግልጽ ይታያል። ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ የሞላው የአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ጸሎቱ ደርሶ ሲባረክ፣ ብርዱን ፈርቶ ዳር ላይ ሲያመነታ የቆየው ጎረምሳ ጓደኞቹ ሲዘሉ ባየ ጊዜ ልብሱን ጥሎ ይከተላቸዋል። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን ተመሳስሎ ይሉታል፤ ሰው ከቡድኑ ላለመለየት ብሎ አድራጎቱን ወይም ንግግሩን ከብዙኃኑ ጋር ማስማማቱ ነው። በበዓል ቀን ደስታን የሚያበዛው ይኸው ኃይል፣ በሌላ ቀን ያልተጣራ ወሬ በስልክ ያሠራጫል፤ ከሱስም ያስገባል።

ሰሎሞን አሽ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ሙከራ፣ አስቀድመው የተመካከሩ ሰዎች እኩል ያልሆኑ መስመሮችን እኩል ናቸው እያሉ በተራ ሲመልሱ፣ ምክሩን የማያውቀው ተፈታኝ ምን እንደሚል ተመልክቷል። ከተፈታኞቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዓይናቸው የሚያየውን ትተው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር ተሳስተዋል። ከዚህ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላው ውጤት ነው፤ ከቡድኑ መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ የተፈታኙ ስሕተት ወደ ቀድሞው ሩብ ያህል ወርዷል። ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር የሚነገረው ተረት ጓደኛ እንደሚያበላሽ ያስተምራል፤ ይህ ሙከራ ደግሞ አንድ እውነተኛ ጓደኛ ምን ያህል እንደሚያበረታ ያሳያል።

ሮድ ቦንድና ፒተር ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1996 በ17 አገሮች የተደረጉ 133 ተመሳሳይ ሙከራዎችን አነጻጽረው፣ ከግለሰብ ይልቅ ለማኅበር ክብር በሚሰጥ ባህል ተመሳስሎ እንደሚበረታ አግኝተዋል። ይሉኝታ በሚከበርበት አገር ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ይሉኝታ ታላቅን የሚያስከብር፣ ሐዘንተኛን ብቻውን የማያስቀር በጎ ነገር ስለሆነ የሚጣል አይደለም፤ የታየውን እውነት የሚያስውጥ ሲሆን ግን ገደብ ሊበጅለት ይገባል።

እኩያ የሚያንጽበትን መንገድ ለማየት የጎንደርን የአብነት ትምህርት ቤት መመልከት ይበቃል። ከቤተሰቡ ርቆ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚማረው ልጅ ቀለሙን ከየኔታ ብቻ አይቀበልም፤ አንድ ደረጃ የቀደመው ተማሪ ያስጠናዋል፣ ሲሳሳት ያቀናዋል፣ ያስቀጥለዋል። ሌቭ ቪጎትስኪ (1896–1934 እ.ኤ.አ.) ልጅ ለብቻው ሊሠራው በሚችለውና የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሲረዳው በሚችለው መካከል ያለውን ርቀት የቅርብ ዕድገት ክልል ብሎ ሰይሞ፣ ትምህርት የሚሠምረው በዚያ ክልል ውስጥ እንደሆነ አስረድቷል፤ የአብነት ተማሪዎች ግን ከእርሱ ብዙ ዘመን ቀድመው ሲሠሩበት ኖረዋል።

እንግዲህ ወጣቱ በዕውቀትም በጠባይም አንድ እርምጃ የቀደመውን ጓደኛ ፈልጎ ይያዝ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲሳሳትም፣ አጠገቡ ፈርቶ ዝም ያለ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላልና፣ ያየውን እውነት በትሕትና አስቀድሞ ይናገር።