ቡሽ የታቀፈች እናት

ከአንኮበር ቍልቍል ወደ ቈላው ሲወረድ አሊዩ አምባ ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከጠረፍ የመጣ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍበት፥ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚቈጠርበት ገበያ ነበረ። የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይጐድላልና፥ ተቀባዩ አገላብጦ ሳያይ አይወስድም።

እንዲህ ባለው ድንጋያማ አገር፥ ለማጥመጃ ድር ሳታደራ በምድር ላይ ሮጣ የምታድን ሸረሪት አለች፤ ሊቃውንት በተኵላ ስም ይጠሯታል። እንቍላሏን በሐር ከረጢት ጠቅልላ ከሆዷ ጫፍ አጣብቃ ትዞራለች፤ ሲፈለፈሉም ልጆቿን በጀርባዋ ታዝላለች። ፈረንሳዊው ዣን ሃንሪ ፋብር (1823–1915 እ.ኤ.አ.) በአገሩ ከምትገኘው ከዚህችው ወገን ከረጢቷን ወስዶ በልኩ የተሞረደ ቡሽ ቢሰጣት፥ እንደ እንቍላሏ አጥብቃ ያዘችው። የሌላይቱም ልጆች በጀርባዋ ቢወጡ ሳትለይ ተሸከመቻቸው።

እንግዲህ ይህ ፍቅር ነውን? ብዙዎች በቡሹ ይስቃሉ፤ የያዘችውን የማታውቅ እናት አትባልም ይላሉ። ነገር ግን ቡሹን ያሳቀፋት አለማወቅ፥ የባዕዱንም ልጅ ያሳዘላት እርሱው ነው፤ አንዱን አመስግኖ በሌላው መሳቅ አይቻልም። ለሰው ለይቶ ማወቅ ተሰጥቶታል፤ ይህንም ዕውቀት ብዙ ጊዜ የሞተውን ጐረቤቱን ልጅ «የእኔ አይደለም» ለማለት ሲያውለው ይታያል። አሞሌን አገላብጦ ማየት ብልኀት ነው፤ ሕፃንንስ?

ገበሬ ድንጋይ ፈንቅሎ ቢያገኛት እግሩን ያነሣል። እርሷም የማንን ልጆች እንዳዘለች ሳታውቅ ይዛቸው ትሮጣለች።