ዲኑን ጠይቅ፣ አጥንቱን ተው

 

ወንድሜ፣ እህቴ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያ ግዛት ኬሪ ባክ የተባለችን ወጣት በግድ እንድታመክናት 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ፈቀደ። «አእምሮዋ ደካማ ነው፣ ልጆቿም እንደሷ ይሆናሉ» የሚል ነበር ክሱ። «ዘር ማሻሻል» በሚል ስም በዚያች አገር ከ60,000 በላይ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደርገዋል። ይህን የፈጸሙት መሃይሞች አልነበሩም፤ የተማሩ ሐኪሞችና ዳኞች ነበሩ።

ዘርን በደረጃ የሚያስቀምጥ ሐሳብ እኛም አገር ገብቷል። ወራሪዋ ጣሊያን በ1937 ባወጣችው ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ 5 ዓመት ይታሰር ነበር።

ጣሊያን ሄዳለች። ሐሳቡስ ከልባችን ወጥቷል? ከአምቦ እስከ ጊንጪ፣ በየቤታችን እስቲ እንጠይቅ፦ ሸክላ ሠሪ፣ ብረት ቀጥቃጭ ወይም ቆዳ ፋቂ ቤተሰብ ሽማግሌ ቢልክ «አጥንቱ ምንድን ነው?» አንልም?

አላህ የአደምን ልጆች ሁሉ እንዳከበረ በሱረቱል ኢስራእ ነግሮናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ ከጥቁር የሚበልጠው በተቅዋ ካልሆነ በሌላ እንዳልሆነ አስተምረዋል። ዲኑና ጠባዩ ያማረ ሰው ለኒካሕ ሲመጣ እንድንድረውም አዘውናል።

እህትህ ስትጠየቅ አባትህ «አጥንቱ» ካሉ፣ በአክብሮት «ዲኑስ እንዴት ነው?» በላቸው። ዝም አትበል።

አላህ ልባችንን ከኩራት ያጽዳልን። አሚን።