የማክሰኞ ውኃ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቆቃ ግድብ ላይ የውኃ ከፍታ መዝጋቢ ነበርኩ። ጠዋት ቁጥር የተጻፈበትን መለኪያ አይቼ መዝገብ ላይ አሰፍር ነበር፤ ሥራዬ ይኸው ነበር። ልጅ ሳለሁ የኔታ ሥነ ፍጥረት አስተምረውኛልና መለኪያውን ባየሁ ቁጥር ማክሰኞ ትዝ ይለኝ ነበር። እግዚአብሔር በሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ውኃውን ሰብስቦ የብሱን ገለጠ። እኛ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. አዋሽን ሰብስበን የብሱን ሸፈንን። ገንዘቡ ጣሊያን ለጦርነቱ የከፈለችው ካሳ ነው።

ውለታውን አልክድም። ግድቡ ሥር 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ተርባይኖች ተተክለዋል፤ ያው ውኃ ወርዶ በአዋሽ ሁለትና በአዋሽ ሦስት ማመንጫዎች እንደገና መብራት ይሆናል። የወንጂ ሸንኮራ ይጠጣዋል፤ አዳማም ይጠጣዋል። ክረምት ጎርፉ ይያዛል፣ በጋ ይለቀቃል። ቆሮሶና አምባዛ አንጠልጥሎ መኪና የሚያስቆመው ልጅ እንጀራውም ከዚሁ ነው።

ታዲያ ይህን ዓሣ ስበላ ማንን ላመስግን? ሠራነው የምንለው ሐይቅ ውስጥ የእኛ የሆነው ግድግዳው ብቻ ነው። ውኃው የአዋሽ ነው። በየዓመቱ የሚሞላው ደለል የደጋ ገበሬ አፈር ነው። ወለሉ ደግሞ የሰው ማሳ ነበር፤ የጅሌ ኦሮሞ ቤተሰቦች ለውኃው ሲባል ከዚያ ተነሥተዋል።

ይህን አንሥቼ አንድ ቄስ ብጠይቃቸው፣ «ጥቂቶች ቢጎዱ ብዙዎች ተጠቀሙ» አሉኝ። መልሱ ልክ ይመስላል። ግን ስለ ክርስቶስ፣ ለብዙው ሲባል አንዱ ቢጠፋ ይሻላል ብሎ የመከረው ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ አይደለም? ቀያፋ የመከረው ነገር ለዓለም መዳኛ ሆነ፤ ቀያፋን ግን ማንም አያመሰግነውም። እኔም መብራቴን አብርቼ፣ ዓሣዬን በልቼ፣ እዚያ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ውኃው በጣም ሸሸ። ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው በተሰነጣጠቀው ጭቃ ላይ እስከ መለኪያዬ ድረስ መጡ።

«እዚያ ጋ የአባቴ ዋርካ ነበር» አሉና በበትራቸው ምንም ወደማይታይበት ጠቆሙ። «ውኃው መቼ ይመለሳል ልጄ?»

«ሐምሌ ላይ ነው አባቴ።»

በጣታቸው ወራቱን ቆጠሩ። በቆሎ ቢዘሩበት እንደማይደርስላቸው ገባቸው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብለው ከጭቃው ቆንጥረው አሸተቱ። እኔ የዕለቱን ቁጥር ጻፍኩ።